ፕሌይስቴሽን ከነተጨማሪ ዕቃው ካልሆነ አልሸጥም ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ አለኝ። ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4 ማሽኖችን፣ ጆይስቲኮችን፣ የጆይስቲክ ቻርጀር ማስቀመጫዎችን፣ የሲሊኮን ሽፋኖችንና ከጆይስቲክ ጀርባ የሚሰካ ተጨማሪ በተን እሸጣለሁ። ተጨማሪ ዕቃዎቹ ለብቻቸው አልሸጥ ስላሉኝ ሁሉንም በአንድ ጥቅል፣ በአንድ ዋጋ መሸጥ ጀምሬአለሁ፤ ማሽኑን ለብቻው አልሰጥም። በዚህ መሐል ለእህቱ ልጅ ሊገዛ የመጣ ሰው «የማልፈልገውን ዕቃ ለምን ትጭንብኛለህ?» ብሎ ለንግድ ጽሕፈት ቤት እንደሚያመለክት ነገረኝ። ደብረ ሲና ላይ ጌም ቤት ያለው ሌላ ደንበኛዬ ደግሞ 3 ጥቅል ከገዛ በኋላ በ9ኛው ቀን ደውሎ «አዲስ ብለህ ከሰጠኸኝ ጆይስቲኮች የሁለቱ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) ሳይነካ ይሄዳል፤ መልሰህ ተቀበለኝ» አለኝ። በሱቄ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አለ። በዋስትና ወረቀቴም ላይ ደንበኛው ከእኔ ያልተገዛ ቻርጀር ከተጠቀመ ዋስትናው እንደሚቀር ተጽፏል። በሕግ ፊት እንዴት እታያለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያቀረቧቸው ጉዳዮች የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ደንበኞችዎም በሕግ ፊት እኩል አይታዩም፤ ስለዚህ ለየብቻ እመለስባቸዋለሁ።

በቅድሚያ ዕቃን ከዕቃ ጋር አጣምሮ በአንድ ዋጋ ማቅረብ በራሱ የተከለከለ ተግባር አይደለም። በጌም ንግድ ውስጥ ይህ አሠራር የቆየ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2009 በዊ ማሽን መቆጣጠሪያ ላይ የሚሰካውን ሞሽን ፕላስ የተባለ ተጨማሪ ዕቃ ለገበያ ሲያቀርብ ከጌም ጋር በአንድ ካርቶን አድርጎ ሸጦታል፤ ይሁን እንጂ ጌሙን የማይፈልግ ሰው ዕቃውን ለብቻው መግዛት ይችል ነበር። በእርስዎ ሱቅ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ዕድል ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 14 ለሸማቹ ከሰጣቸው መብቶች አንዱ ዕቃን ወይም አገልግሎትን አማርጦ የመግዛት መብት ነው። ይህ መብት ከብዙ ሱቆች አንዱን በመምረጥ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል የሚፈልገውን ወስዶ የማይፈልገውን የመተው ነጻነትንም እንደሚያካትት አምናለሁ፤ አለበለዚያ «አማርጦ» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። ስለሆነም ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ እያለ፣ ዋጋውን ሊከፍል ዝግጁ የሆነን ሰው የሲሊኮን ሽፋንና ቻርጀር ማስቀመጫ ካልገዛህ ብሎ መመለስ ከዚህ መብት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። አመልካቹ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ የሚያቀርበው አቤቱታ ውኃ የሚያነሳ ነው።

ሆኖም መስመሩን በትክክለኛው ቦታ ማስመር ያስፈልጋል። ማሽኑ ያለ ጆይስቲክ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ገመድና ከቴሌቪዥን ጋር ከሚያገናኘው ገመድ ውጪ ለምንም አይሆንም። እነዚህን ከማሽኑ ጋር በአንድነት መሸጥ ዕቃን ሙሉ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ማንም ጭነኸኛል ሊልዎ አይችልም። ሁለተኛው ጆይስቲክ፣ ሽፋኑ፣ ማስቀመጫውና ከጀርባ የሚሰካው በተን ግን ዕቃው ያለ እነርሱ የሚሠራ በመሆኑ በእውነት «ተጨማሪ» ናቸው፤ የመግዛቱም ውሳኔ ለገዢው የተተወ መሆን አለበት። ጥቅሉን ለማስወደድ ከፈለጉ ሕጉ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ማሽኑን ለብቻው በአንድ ዋጋ፣ ጥቅሉን ደግሞ ዕቃዎቹ በተናጠል ከሚያወጡት ድምር ባነሰ ዋጋ ያቅርቡ፣ ሁለቱንም ዋጋ በግልጽ ይለጥፉ። የማይወጣ ዕቃ የሚወጣው እንዲህ ነው እንጂ ሰውን በማስገደድ አይደለም።

አንዳንድ ነጋዴዎች በአዋጁ አንቀጽ 5 ላይ የተመለከተውን የገበያ የበላይነትን ያለአግባብ የመጠቀም ክልከላ እየጠቀሱ «እኔ ትንሽ ሱቅ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ይላሉ። በዚህ ድንጋጌ ረገድ ልክ ናቸው፤ ደንበኛው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግዛት በሚችልበት ሁኔታ አንድ የደብረ ብርሃን ሱቅ ገበያውን ተቆጣጥሯል ለማለት ይከብዳል። ነገር ግን የሸማቹ አማርጦ የመግዛት መብት የሻጩን ትልቅነት አይጠይቅም። ከዚህ ጋር አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተነጋግራችሁ ሁላችሁም በጥቅል ብቻ፣ በተመሳሳይ ዋጋ እንድትሸጡ ብትስማሙ ጉዳዩ ወደ ተከለከለ የነጋዴዎች ስምምነት ይሻገራል፤ ያኔ የሱቅ ትንሽነት መከላከያ አይሆንም።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልለፍ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ የሚያየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የማይገጥም ዕቃ ቢያገኝ ለመመለስ ሌላ ቀንና ሌላ የትራንስፖርት ወጪ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጥቅል ሽያጭ ውስጥ ትልቁ ኃላፊነት በውስጡ ያለውን ዕቃ ምንነት በትክክል መንገር ነው። የአዋጁ አንቀጽ 22 ስለ ዕቃ ጥራት፣ ምንጭና ጠቀሜታ አሳሳች መረጃ መስጠትን፣ ዕቃው ያገለገለ ወይም የታደሰ መሆኑን አለመግለጽንም ይከለክላል።

ይህ በጆይስቲክ ዕቃዎች ላይ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። ሶኒ ራሱ የሠራውና ከጆይስቲክ ጀርባ የሚሰካው ተጨማሪ በተን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ለገበያ ሲቀርብ የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 4ቱ ጆይስቲክ ለዱዋልሾክ 4 ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር በመጣው ዱዋልሴንስ በተባለው ጆይስቲክ ላይ አይገጥምም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከፕሌይስቴሽን 5 ማሽን ጋር ቢገናኝም የሚያጫውተው የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ነው። የቻርጀሩም ሶኬት ቢሆን በዱዋልሾክ 4 ላይ ማይክሮ ዩኤስቢ፣ በዱዋልሴንስ ላይ ታይፕ ሲ ነው። በሌላ ኩባንያ የተሠሩ ዕቃዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ፈቃድ ያልሰጣቸውን መቆጣጠሪያዎች በኤክስቦክስ ማሽኖቹ ላይ እንዳይሠሩ ማገድ ሲጀምር ትናንት ይሠራ የነበረ ዕቃ በማግስቱ ዝም ያለባቸው ገዢዎች ነበሩ። እንግዲህ «ለሁሉም ጌም ይሆናል» ብሎ መሸጥ ከአፍ ሲወጣ ቀላል ቢመስልም በአንቀጽ 22 የሚያስጠይቅ አነጋገር ነው። ኮፒውን ጆይስቲክ ኦርጅናል ብሎ መሸጥም እንዲሁ ነው፤ የሶኒ ምልክት ያለፈቃድ የተለጠፈበት ከሆነ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ተጨማሪ ተጠያቂነት ሊያስከትልብዎ ይችላል። «ሁለተኛው ጆይስቲክ በነጻ» የሚለው ማስታወቂያም የሚያዋጣው የማሽኑ ዋጋ በዚያው ልክ ተሰቅሎ ካልተገኘ ብቻ ነው።

ደረሰኝዎን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ለደብረ ሲናው ደንበኛ የቆረጡለት ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ብዙ ሱቆች እንደሚያደርጉት «ፒኤስ 4 ሙሉ፣ 3» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ሁለቱ ጆይስቲኮች ሲበላሹ የስንት ብር ዕቃ እንደተበላሸ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ገዢው ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ እንዲፈርስ ይጠይቃል፣ እርስዎ ጆይስቲኩ ርካሽ ነው ይላሉ፣ ክርክሩም በባለሙያ ግምት ላይ ይወድቃል። ከእንግዲህ በደረሰኙ ላይ ማሽኑን ከነመለያ ቁጥሩና «ያገለገለ» ከሚል መግለጫ ጋር፣ ጆይስቲኩን አዲስ ወይም ያገለገለ፣ ኦርጅናል ወይም የሌላ ኩባንያ ሥራ መሆኑን ለይተው፣ ማስቀመጫውንና ሽፋኑንም በየራሳቸው መስመር ከነዋጋቸው ያስፍሩ፤ የጥቅሉን ቅናሽ ከታች ይቀንሱ። በኋላ ክርክር ቢነሳ እርስዎንም ገዢውንም የሚጠብቀው ይህ ወረቀት ነው።

ወደ ደብረ ሲናው ደንበኛ እንምጣ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለእህቱ ልጅ የሚገዛው ሰው ያለጥርጥር ሸማች ነው፤ ቢገዛና ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ጌም ቤት ከፍቶ በሰዓት የሚያከራይ ሰው ግን ዕቃውን የገዛው ለንግዱ ስለሆነ በዚህ ትርጉም ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ይህን ሲሰሙ እፎይ እንዳይሉ፤ ምክንያቱም ከአዋጁ ጥበቃ ቢወጣ እንኳ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ውል ድንጋጌዎች እንደተጠበቀ ይቆያል። በሕጉ ቁጥር 2289 መሠረት ሻጩ ዕቃው ለመደበኛ አገልግሎቱ ወይም ለንግድ ሥራ የሚያስፈልገው ጠባይ እንዲኖረው ዋስ ነው፤ ገዢው በበኩሉ አጋጣሚውን እንዳገኘ ዕቃውን የመመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ደንበኛዎ በ9ኛው ቀን ደውሎ የትኛው ዕቃ ምን እንደሆነ ለይቶ ነግሮዎታል፤ ይህን ማስታወቂያ ዘግይቷል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አላይም።

እውነተኛው ክርክር ጉድለቱ በርክክብ ጊዜ ነበረ ወይስ በአጠቃቀም መጣ የሚለው ነው። የጆይስቲክ አናሎግ በውስጡ ያለው ክፍል በመሽከርከር ብዛት የሚያልቅ ነው፤ ጌም ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተጫዋች እየተፈራረቀበት ሲሠራ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ይሁንና አዲስ ተብሎ የተሸጠ ጆይስቲክ፣ ያውም ሁለት በአንድ ጊዜ፣ በ9 ቀን አለቀ ቢሉ ዳኛን ማሳመን ይከብድዎታል። ለወደፊቱ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ጆይስቲኩን ከማሽኑ ጋር አገናኝተው፣ አናሎጉን ማንም ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት በራሱ መንቀሳቀሱን ወይም አለመንቀሳቀሱን ከገዢው ጋር አብረው ይዩ፤ በደረሰኙም ጀርባ «ተሞክሮ ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርምበት።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ደህናውን ዕቃ ሐሳቡን ቀይሮ ሊመልስ በመጣ ገዢ ላይ ይሠራል። ጉድለት ባለበት ዕቃ ላይ ግን አዋጁ ለሸማቹ የሰጠውን መብት በግድግዳ ላይ ጽሑፍ ማስቀረት አይቻልም፤ ለነጋዴው ገዢም ቢሆን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀው እንዲህ ያለው ሐረግ አያድነውም። ጽሑፉን «ጉድለት የሌለበት ዕቃ አይመለስም» ብለው ያስተካክሉት።

በመጨረሻም ስለ ቻርጀሩ ቅድመ ሁኔታ። ዋስትናውን ከእርስዎ ሱቅ ቻርጀር ከመግዛት ጋር ማሰር ያንኑ የግዳጅ ጥቅል በጓሮ በር ማስገባት ነው። እንዲህ ያለው አሠራር በሌላም አገር ተኮንኗል፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ዋስትናን በተወሰኑ መለዋወጫዎችና አገልግሎቶች ከመጠቀም ጋር ያያይዛሉ ላላቸው 6 ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ይህ በእኛ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ባይሆንም ምክንያቱ ለእኛም ይሠራል። የእርስዎ ስጋት ከልክ በላይ ኃይል የሚሰጥ ቻርጀር ባትሪውን ያበላሸዋል የሚል ከሆነ፣ ዋስትናው ላይ የሚፈቀደውን የቮልቴጅ መጠን ጽፈው «ከዚህ ውጪ በሆነ ቻርጀር ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም» ማለት ይበቃል። በዚህ አጻጻፍ ገዢው ቻርጀሩን ከየትም ሊገዛ ይችላል፤ ጉዳቱ ከቻርጀሩ የመጣ መሆኑን ማስረዳትም የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። ለእህቱ ልጅ ሊገዛ የመጣውን ሰው ደውለው ማሽኑን ከአንድ ጆይስቲክ ጋር ብቻ መግዛት እንደሚችል ይንገሩት፤ አቤቱታውን አስቀድሞ አቅርቦ ከሆነም ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። የደብረ ሲናውን ደንበኛ ሁለቱን ጆይስቲኮች በሾፌር ወይም በራሱ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ሲደርሱ በምስክር ፊት ይሞክሯቸውና ጉድለቱ ካለ ሁለቱን ብቻ ይለውጡለት። ምትክ ከሌለዎት የሁለቱን ዋጋ ይመልሱ፤ ዋጋው በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ ደግሞ ያን ዕለት ተመሳሳይ ጆይስቲክ በሱቅዎ ለብቻው የሚሸጥበትን ዋጋ ይያዙ። የተስማማችሁበትን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ በወረቀቱም ላይ የቀሩት ዕቃዎች ሽያጭ ጸንቶ እንደሚቆይ ይጻፍ።