ጋኔኑን አስወጪው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አስፈሪ ልቦለድ እየጻፍኩ ነበር። ልጅቷ አይታው የማታውቀውን ልጅ በቴሌግራም ወዳ፣ ስልኳን ከእጇ ማውረድ ያቅታታል። መጨረሻ ላይ ልጁ ጋኔን ሆኖ ይገኛል። ጓደኞቼ አንብበው ሳቁብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጋኔኑን አስወጪው (ጸበል አያስፈልግም፣ ማጥፋት ብቻ ነው)። የሚያስፈራው እኮ እዚያው ሰፈርሽ አለ። መብራት ጠፍቷል፣ ከሜዳው ማዶ ጅብ ይጮኻል፣ ባትሪው 3 ፐርሰንት ነው፣ እሷ ግን ሻማ መፈለጉን ትታ «እየጻፈ ነው» የምትለዋ መስመር ላይ አፍጥጣለች። ቆመ። ደግሞ ጀመረ። እዚህ ጋ አትቸኩዪ።

«ሱሰኛ ነበረች» ብለሽም አትንገሪን። መልእክቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው እጅ ስልኩን የሚፈልገው። የቁማር ማሽንም ሰው የሚይዘው በዚሁ ነው።

ጋኔን የግድ ካልሽ ማሽን አድርጊው። በ1966 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለች ከሰው ጋር በጽሑፍ የምታወራ ፕሮግራም አስተዋወቀ። በአብዛኛው የሰውን ቃል ገልብጣ መልሳ ትጠይቅ ነበር፣ በቃ። የዋይዘንባም የገዛ የቢሮ ጸሐፊ ግን ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንዳወራች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ማሽን መሆኗን እያወቀች!

መጨረሻው? መብራት ይምጣ። ቻርጀር ትሰካ። ከዚያ ስልኳ ሞቶ ባደረበት ሌሊት፣ በእሷ ስም ለልጁ ሲላክለት ያደረውን መልስ አንድ በአንድ ታንብበው።