ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለምን ይከዳል?

ጥያቄ፦ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና እነዳለሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ግማሽ ሳልደርስ የተሳቢው ጎማዎች ይሸታሉ፤ አንዳንዴም ይጨሳሉ። የፍሬን ሸራው አዲስ ነው። ረዳቴ ውሃ እናፍስበት ይላል። ምን ይሻላል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሸራው አዲስነት እዚህ ላይ ብዙም አያድንዎትም። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 10 ሊትር ያህል ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው አያንስም። ጥቂቱን ጎማና ነፋስ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል ወይ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ብረት)። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ የተቃጠለ ሸራም መያዝ ይተዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የፍሬኑን አየር ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ሙሉ እያሳየ ነው፤ ሾፌር የሚዘናጋውም በዚህ ነው።

ስለዚህ ማርሹን አፋፉ ላይ ሳሉ ይምረጡ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የቆየ ምክር ለዛሬ መኪና አይበቃም። አዲሶቹ ሞተሮች ጉልበታም ስለሆኑ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ ለመውረድ ከዚያ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ሞተር ፍሬኑ (ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲገታ የሚያደርገው) በርቶ መኪናው ፔዳል ሳይነካ ፍጥነቱን ከያዘ ማርሹ ትክክል ነው። ሞተር ፍሬን የሚጎለብተው የሞተሩ ዙር ከፍ ሲል ነው፤ ቀዩን መስመር ግን አይለፍ። ፍጥነት ከጨመሩ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ማለት አደገኛ ነው፤ ማርሹ አልገባም ብሎ በዜሮ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ሊያስቀርዎት ይችላል።

ፍሬኑን እያሹ አይውረዱ። የወሰኑት ፍጥነት 30 ከሆነ፣ 30 ሲደርስ ጠንከር አድርገው 3 ሰከንድ ያህል ይርገጡ፤ 22 ገደማ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ዳግም 30 እስኪደርስ አይንኩት። ቶሎ ቶሎ መነካካትም አየር ይጨርሳል።

ተሳቢው ብቻ መጨሱ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ወይ በእጅ የሚሳበውን የተሳቢ ፍሬን ይዘው ይወርዳሉ፣ ወይ የፊተኛው መኪና ፍሬን ላልቶ ተሳቢው ለሁለት እየሠራ ነው። ሜዳ ላይ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ሞተር ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይልቀቁ። ከዚያ ከአየር ቻምበሩ (በአየር ግፊት ፍሬኑን ከሚገፋው ዕቃ) ዘንግ ጋር የተያያዘውን ክንድ በእጅዎ ይሳቡ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ይጥበቅ። ራሱን የሚያጠብቅ ዓይነት ሆኖ ከላላ ግን በመፍቻ ማጥበቁ ችግሩን መሸፈን ነው፤ ጋራዥ ይግባ።

ውሃውን ረዳትዎ ይተዉት፤ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ሜዳ ቦታ ቆመው፣ ጎማውን በታኮ ይዘው፣ የእጅ ፍሬን ሳይስቡ በራሱ ይቀዝቅዝ። ሲነሱ ደግሞ ለታኮ ያደረጉትን ድንጋይ ከአስፋልቱ ያንሱ! ማታ ለሚመጣው ሚኒባስ ወጥመድ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አድሮ ሲነሳ አየሩ ወርዶ ይገኛል። እስከ ስንት ቢወርድ ችግር የለውም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሌሊቱን ሳይሆን ደቂቃውን ይለኩ። አየሩ ሲሞላ ሞተር ያጥፉ፣ ጎማው በታኮ እንደተያዘ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ፔዳሉን ይርገጡ፤ ሲረግጡ ወዲያው የሚወርደውን ሳይቆጥሩ ለ1 ደቂቃ ይያዙ። ተሳቢ ላለው መኪና ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ አለ። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ የሠራበት ነው። ማስጠንቀቂያው 4 ባር አካባቢ መጮሁንም በዚያው ፔዳሉን ደጋግመው እየረገጡ ይፈትሹ። ካልጮኸ ጭነት አይጫን።