የሳጥኑ የኋላ ጥግ ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ ሥዕል በራሴ ጥረት እየተማርኩ ነው። ለጀማሪ ጥሩ መሠረት ነው ስለተባልኩ በየቀኑ ሳጥን በፐርስፔክቲቭ (ርቀትንና ጥልቀትን በሚያሳየው የአሣሣል ዘዴ) እሥላለሁ፤ ደብተሬም በሳጥን ተሞልቷል። ይሁን እንጂ ከፊት ሲታይ ደህና የሚመስለው ሳጥን የተደበቁትን የኋላ ጠርዞች ስጨምርበት ይጣመማል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮችም አንድ ጥግ ላይ አይገናኙልኝም። የበፊቱንና የአሁኑን ሳስተያይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላይም። መደጋገሙን ልቀጥል ወይስ ልተወው? ማስመሪያ ብጠቀምስ ነውር ነው?

ከአንባቢያችን አንዱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መደጋገሙን ይቀጥሉ፤ አካሄዱን ግን ይለውጡ። ያለ እርማት የሚደጋገም ሳጥን እጅን ያፍታታ ይሆናል እንጂ ዓይንን አያርምም፤ እንዲያውም ስሕተቱ ራሱ ከልምምዱ ጋር አብሮ ሥር ይሰዳል። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው የጎደለዎት የሳጥን ብዛት ሳይሆን ከሳጥኑ በኋላ መምጣት የነበረበት ምርመራ ነው።

ሳጥን 12 ጠርዞች አሉት። እነዚህ በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉት 4 ጠርዞች በእውነተኛው ዕቃ ላይ ትይዩ ናቸው። በወረቀት ላይ ሲሣሉ ግን ከተመልካቹ እየራቁ የሚሄዱ ትይዩ ጠርዞች ቢረዝሙ ወደ አንድ መጥፊያ ነጥብ ይሰበሰባሉ። ጣሊያናዊው አርክቴክትና ጸሐፊ ሊዮን ባቲስታ አልበርቲ እ.ኤ.አ. በ1435 የፐርስፔክቲቭን አሠራር በጽሑፍ ካሰፈረ ወዲህ ሠዓሊዎች የሚመሩበት ሕግ ይኸው ነው። የእርስዎም ሳጥን የሚመዘነው በዚሁ ነው።

እንግዲህ አንድ የደብተር ገጽ በሳጥን ሲሞላ ማስመሪያና ሦስት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ያንሡ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀለም መድበው አራቱን መስመሮች ከእርስዎ ወደሚርቁበት አቅጣጫ ያስረዝሟቸው። ብዙ ጀማሪ በተቃራኒው ወደ ራሱ እያስረዘመ መስመሮቹ ለምን እንደተበተኑ ሲደነቅ ይውላል። መጥፊያ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ስለሚውል መስመሮቹ ሲገናኙ ላያዩ ይችላሉ፤ የሚፈለገው በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየጠበበ መሄዱና ሁሉም ወደ አንድ ስፍራ ማነጣጠራቸው ነው።

አሁን የሚያገኙትን ልገምት። ወደ ቀኝ የሚሄዱትን አራት መስመሮች በቀይ ሲያስረዝሙ የሳጥኑ የላይኛው ገጽ ሁለት ጠርዞች በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ፤ የታችኞቹ ሁለቱ ደግሞ ከዚያ በጣም ርቀው፣ ወይም ጭራሽ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ይህ የሚሆነው አንድን ገጽ ብቻ እያዩ ስለሚሥሉ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም የአንዱ ሳጥን ገጾች በየራሳቸው መጥፊያ ነጥብ ላይ ተመሥርተዋል። የኋላው ጥግ እንግዲህ የሌሎቹን ዕዳ ከፋይ ነው፤ ቀደም ሲል በየመስመሩ የተፈጸመችው ጥቂት ጥቂት መዛነፍ ሁሉ የምትጠራቀመው እዚያ ስለሆነ፣ ጥጉን ብቻ በላጲስ እያጠፉ ማስተካከል ምንም አይፈይድም።

መፍትሔው አዲስ መስመር ከማስመርዎ በፊት ከጎኑ ያለውን አንዱን ጠርዝ ሳይሆን ከቡድኑ እስካሁን የተሣሉትን በሙሉ ማየት ነው። የሳጥኑን አጀማመርም ይመርምሩ። ለእርስዎ ከሚቀርበው ጥግ የሚነሡት ሦስት መስመሮች በመካከላቸው የሚፈጥሯቸው ማዕዘኖች፣ ሳጥኑ በእይታዎ መሃል አካባቢ እስከሆነና ሦስት ገጾቹ እስከታዩ ድረስ፣ እያንዳንዳቸው ከ90 ዲግሪ መብለጥ አለባቸው። አንዱ እንኳ ከዚያ ካነሰ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የተሳሳተውን ሳጥን ለማቃናት አይድከሙ፤ አዲስ ሳጥን መሥራት ይሻላል። በደብተሩ ገጽ ግርጌ ግን የታየውን ጉድለት በአጭሩ ይጻፉ፤ «ወደ ግራ የሚሄዱት መስመሮች እየራቁ ተከፈቱ» እንደማለት ያለ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ትኩረትዎ በዚያ በአንዱ ጉድለት ላይ ብቻ ይሁን። ሁሉን በአንድ ጊዜ አርማለሁ የሚል ሰው አንዱንም ሳያርም ገጹ ያልቅበታል።

ሥራዎን ለሌላ ሰው ማሳየትም ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን በጥያቄዎ ላይ የተመሠረተ ነው። «ያምራል ወይ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት ምስጋና ወይም ዝምታ ነው። «ከእነዚህ አራት ቀይ መስመሮች ወደ ሌላ አቅጣጫ የሄደው የትኛው ነው?» ካሉ ግን ሥዕል የማያውቅ ወዳጅዎ እንኳ ጣቱን ስሕተቱ ላይ ያሳርፋል።

ማስመሪያን በተመለከተ፣ ለምርመራው የግድ ያስፈልጋል፤ ለመሣሉ ግን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። ማስመሪያ መስመሩን ቀጥ ያደርገዋል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርዎትም፤ እርስዎ የሚማሩት ደግሞ አቅጣጫውን ነው። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ከአንጓ ሳይሆን ከትከሻ ያንቀሳቅሱት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ መንገዱን ጥቂት ጊዜ ከተመላለሱበት በኋላም ሳያመነቱ ያስምሩ።

የሦስቱም ቡድኖች መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደየነጥባቸው መሰብሰብ ሲጀምሩ ልምምዱን ያክብዱት፦ በሳጥኑ አንድ ገጽ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ያስምሩ። የሚተላለፉበት ነጥብ የገጹ መሃል ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ከእርስዎ ወደሚርቀው ጠርዝ ጠጋ ብሎ ይገኛል። በዚህ ነጥብ በኩል ወደ መጥፊያ ነጥቡ የሚሄድ መስመር ሲያሰምሩ ገጹን እኩል ለሁለት መክፈል ይችላሉ፤ ከዚያም መሳቢያ፣ በር ወይም መስኮት ለማበጀት ያሉዎትን ግማሾች በዚሁ መንገድ እንደገና ይከፋፍሏቸው።