ክብደቱ ተመለሰ፣ አንጀቱስ?

እህቴ፣ የ14 ወር ልጅሽ ፕላምፒ ናቱን፣ ያንን ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ፣ ጨርሶ ከወፈረ በኋላ ተቅማጡ እየተመላለሰ አስቸገረኝ፣ የጥሩ ባክቴሪያ መድኃኒት ከፋርማሲ ልግዛለት ወይ ብለሻል። እዚህ ድሬ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ስለምሠራ እንደ ልጅሽ ያለ ብዙ አያለሁ።

የክንድ ውፍረት መለኪያው ጥብጣብ አረንጓዴ ላይ ሲደርስ እናት አልቅሳ ነው የምትስቀው። ደስታው ይገባል። ግን መለኪያው ስለ አንጀቱ አይነግረንም። የጤነኛ ልጅ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከልጁ ጋር አብረው ያድጋሉ። መጀመሪያ የጡት ወተት የሚስማማቸው ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ይበዛሉ፣ ምግብ ሲጀምር ሌሎቹ ተራ በተራ ይገባሉ፣ ከ2 እስከ 3 ዓመቱ ወደ አዋቂ ሰው ባክቴሪያ ይጠጋሉ። በጣም የተጎዳ ልጅ ላይ ይሄ ወደ ኋላ ይቀራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የባንግላዴሽ ጥናት በሕክምና ምግብ ያገገሙ ልጆችን ተከታትሎ ነበር፤ ባክቴሪያቸው ለጊዜው ተሻሻለና ተመልሶ ከዕድሜያቸው በታች ሆነ።

እዚያው አገር በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። መካከለኛ ጉዳት ላላቸው ከ12 እስከ 18 ወር ልጆች የአንጀት ባክቴሪያቸውን እንዲጠግን ታስቦ ከሽምብራ፣ ከለውዝ፣ ከአኩሪ አተርና ከጥሬ ሙዝ የተሠራ ምግብ ለ3 ወር ሰጧቸው። ከተለመደው ተጨማሪ ምግብ ካሎሪው ያነሰ ሆኖ ሳለ ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨመሩ።

ስለዚህ ያንን መድኃኒት ሐኪም ካላዘዘው ተይው፣ ብሩን ለምግቡ አውዪው። የባቢሌ ለውዝ በእጃችን ነው። ቆልተሽ ገለባውን አራግፊ፣ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን አንድ በአንድ ልቀሚና ጣዪ፣ የሻገተ ለውዝ መርዝ አለው። ከዚያ አልመሽ ፈጭተሽ ከሽምብራ ዱቄት ጋር ገንፎው ውስጥ አብስዪው። ፍሬውን እንዳለ እንዳትሰጪው፣ ያንቀዋል። በዚህ ሙቀት የጠዋቱን ገንፎ ለከሰዓት አታቆዪ።

አንቲባዮቲክ በራስሽ አትግዢ፣ የሚጠቅሙትንም ይጨርስበታል። ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጤና ጣቢያ መልሺው፣ ይመዘን፣ ኦአርኤስና ዚንክ ይሰጡሻል፣ ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን እስከ መጨረሻው ስጪው። ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይ አልጠጣም ካለ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ። ጡትስ አሁንም ይጠባል? እሱን አልጻፍሽም።