እናትየዋን አታስወጧት

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ጅማ መርካቶ ደርሼ ስመለስ መንገድ ላይ «ሲስተር!» የሚለኝ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ እናት ናት። አጠገቧ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ቆሟል፤ «ይሄ እኮ ያኔ ስትወጊው የነበረው ነው» ትለኛለች። እሱ ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። የማፍርበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ዘንድሮ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለምትገቡ ነርሶች፣ አዋላጆችና ኢንተርኖች (ተለማማጅ ሐኪሞች) ሊጠቅም ይችላል።

ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል አንድ የክረምት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በኢንፌክሽን የተኛ የአራት ቀን ልጅ ካኑላው፣ መድኃኒት በደም ስሩ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ ወጣበት፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ደግሞ ደርሷል። እናቱን «ውጪ ጠብቂ» አልኳት። ከሊሙ ገጠር የመጣች አራስ ናት። ጋቢዋን ተከናንባ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ አለች። አንዴ ወጋሁ፣ ደም ስሩ ፈነዳ። ደገምኩ። ሠለስኩ። በአራተኛው ልጁ ዝም አለ፤ ካኑላውም ገባ። አብራኝ የነበረች ነባር ነርስ «አየሽ፣ ለመደው» አለችኝ።

እኔም አመንኳት። ለዓመታት አመንኳት።

ልጁ አልለመደም። አቅም አልቆበት ነው። ጨቅላ ሲያመው ሁልጊዜ አያለቅስም፤ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደና በጠና የታመመማ ጭራሽ ድምፅ ላይወጣው ይችላል። ፊቱን እዩት። ግንባሩ ይጨማደዳል፣ ዓይኑ ይጨመቃል፣ ከአፍንጫው እስከ አፉ ጥግ ያለው መስመር ይጎላል፣ ጣቶቹ ይበተናሉ ወይም ይጨበጣሉ። ሞኒተር ካላችሁ የልብ ምቱ ይወጣል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል።

ያቺ ነርስ ክፉ ሰው አልነበረችም። ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ጄፍሪ ሎውሰን የሚባል ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ የልብ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት የተሰጠው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ መድኃኒት ብቻ ነበር። ሕመም የሚያስታግስ ምንም አልተሰጠውም። ልጁ ሞተ። እናቱ ይህን ያወቀችው በኋላ ነው፤ ዝምም አላለችም። በ1987 ደግሞ ዶክተር አናንድና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ሆነው ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያገኙትን አሳተሙ። በቀዶ ጥገና ወቅት በቂ ማስታገሻ ያገኙት ሰውነታቸው ብዙም አልተናጋም፣ ችግርም የገጠማቸው ጥቂት ነበሩ። ይሄ ሁሉ የሩቅ ዘመን ታሪክ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፓሪስና የአካባቢዋ ጥናት አንድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ጨቅላ በቀን 10 ያህል የሚያም ነገር እንደሚደረግበት አሳይቷል። ከዚያ ውስጥ 79 በመቶው ያለ ምንም የተለየ ማስታገሻ ነው። ፓሪስ ነው እንግዲህ።

እናትየዋን ለምን እንደምናስወጣ ታውቃላችሁ? «እንዳትደነግጥ» እንላለን። እውነቱን ልንገራችሁ፦ እጃችን ሲስት እንዳታየን ነው። እኔ ለዚህ ነበር የማስወጣው።

አሁን ሥራውን እንነጋገር። የሚጠባ ልጅ ከሆነ ጡት ላይ ይሁን። ከመውጋታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይጀምር፣ ስትወጉትም ይጥባ፣ ስትጨርሱም አይነጠቅ። «ትን ይለዋል» የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔም እል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ባወጣው ምክር ግን እናትየዋ እያጠባች ልጁ እንዲወጋ ነው ያለው። የገጠር እናት ስትመጣ አማርኛ ካልገባት በኦሮምኛ «ሀርማ ሆሲሲ» (ጡት አጥቢው) በሏት። ጅማ ሠርታችሁ ይህቺን ካላወቃችሁ ታሳዝኑኛላችሁ።

ለመጥባት አቅም የሌለው ትንሽ ልጅ ከሆነ እርቃኑን ደረቷ ላይ ይተኛ፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀድሞ። ከማሞቂያው የማይወጣ ከሆነ ደግሞ እጇን ታስገባ። አንዱን መዳፏን ጭንቅላቱ ላይ ታድርግ፤ በሌላው እግሮቹን አጥፋ ወደ ሆዱ ትያዝለት፣ ማህፀን ውስጥ እንደነበረው። እናትየዋ ቀዶ ጥገና ላይ ከሆነች አባትየው አለ። ፔርሙዝ ይዞ በር ላይ ከሚቆም ይግባ።

ጣፋጭም ይረዳል። ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነ ግሉኮስ ምላሱ ጫፍ ላይ ይንጠባጠብለታል፣ ከመውጋታችሁ ሁለት ደቂቃ በፊት። ያለ ጊዜው ለተወለደ ጠብታዎች ብቻ ናቸው፤ መጠኑን ከክፍላችሁ ሐኪም ጋር ተስማሙ። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ግን በሰዓት ጠብቋቸው፤ በችኮላ ሰጥቶ ወዲያው መውጋት ባዶ ሥራ ነው። ስለ ስኳር ሌላም ልብ የምትሉት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት ጣፋጩ የሕፃኑን ፊት ቢያረጋጋም አንጎሉ ለመርፌው የሚሰጠውን ምላሽ እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ስለዚህ ግሉኮሱን ሰጥታችሁ እናትየዋን አታስወጡ።

አንድ ጊዜ ይህን ለአንዲት አያት ሳስረዳ «ጣፋጭ ከሆነማ የኛ ማር አለ!» ብለው በማግስቱ በብልቃጥ ይዘው ከች አሉ። የጫካ ማር፣ መዓዛው ክፍሉን ሞላው። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ስነግራቸው ተቀየሙኝ። ኋላ ታረቅን፤ ማሩን ለአራሷ ገንፎ አዋልነው። ቅቤ ማስላሱንም እንዲሁ በትሕትና ከልክሉ። ስትከለክሉ ግን አያትን አታዋርዱ።

ተረከዝ ስትወጉ ጎንና ጎኑን እንጂ መሃሉን አትንኩ። ከመርፌው ይልቅ መጭመቁ ነው የሚያመው፤ ስለዚህ እግሩን አስቀድማችሁ አሙቁት። ደም ብዙ ከተፈለገ፣ የሰለጠነ እጅ ካለ፣ ከደም ስር መቅዳቱ ከተረከዝ ያነሰ ያማል። ፓራሲታሞል ለተረከዝ መርፌ አይሠራም፤ አትመኩበት። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ምርመራ በአንድ ደም ማድረስ ከተቻለ አንድ መርፌ ተረፈ ማለት ነው። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን እየዞሩ ሲያዩ፣ «ይሄ ምርመራ ዛሬ የግድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣችሁ ሐኪም አይጠፋም፤ ይቆጣ። ሁለቴ ሞክራችሁ ካልተሳካላችሁ ደግሞ ካኑላውን ለሌላ ሰው ስጡ። እኔን አራት ጊዜ ያስወጋኝ ኩራት ነው። ዶክተሩን ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ ነው ብዬ ራሴን አታልያለሁ።

ያቺ የሊሙ እናት ያን ሌሊት ተመልሳ ስትገባ ልጇን አገላብጣ አየችው። በእጆቹና በእግሩ ላይ የተለጠፉትን ጥጦች በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሲጢጥ ብሎ አለቀሰ፣ ጡቱን ያዘ፣ ደቂቃ ሳይሞላ የጨበጣቸው ጣቶቹ ተፈቱ።