ጉበቱ አረፋ አልደፈቀም ላላችሁኝ፦ የላብራቶሪ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ሰሞኑን ከጎንደርና ከዙሪያዋ የመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው የላብራቶሪ ነው፣ ኢንዛይም፣ ሪአክሽን፣ ሪፖርት። ሁሉንም አልጨርሰውም፣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ እያደረግኩ ልመልስ።

*«11ኛ ክፍል ነኝ፣ ከአዘዞ። ጉበት ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስንጨምር የሌላው ግሩፕ አረፋ ከቱቦው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ፣ የኛ ትንሽ ትንሽ ብቻ ብልጭ ብልጭ አለ። ጉበቱ አንድ ነው። ምን አጥፍተን ነው?»*

ምንም ላታጠፉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ከአንድ ጠርሙስ መቅዳታችሁን አጣሩ፣ ምክንያቱም ፐርኦክሳይድ ብርሃንና ሙቀት አይወድም፣ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፣ መስኮት ዳር የከረመ ከሆነ ቀስ እያለ በራሱ ወደ ውሃና ኦክስጅን ተበትኖ ስለሚያልቅ ጉበታችሁ ላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ ነው ማለት ነው። ከአንድ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ አቆራረጡን እዩ። እነሱ ከትክተውት እናንተ በቁራጩ ከከተታችሁት፣ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚበትነው፣ ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሴሉ ውስጥ ስለሆነ ያለው፣ የተከተከተው ቶሎ ነው የሚገናኘው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄን ሳታዪ እንዳታልፊ። አረፋው ጸጥ ሲል ቱቦውን አትድፊው። ሁለት ቦታ ክፈይውና አንዱ ላይ አዲስ ጉበት ጨምሪ፣ ሌላው ላይ አዲስ ፐርኦክሳይድ። ጉበት የጨመርሽበት ዝም ይላል፣ ፐርኦክሳይድ የጨመርሽበት እንደገና ይነሳል። ያለቀው ፐርኦክሳይዱ እንጂ ኢንዛይሙ አይደለም። «ኢንዛይም ሪአክሽኑን ያፋጥናል እሱ ግን አያልቅም» እያላችሁ የምትሸመድዷት ዓረፍተ ነገር እኮ ይቺው ናት፣ በዓይን ስትታይ። ኮንትሮልም (ማነጻጸሪያ ቱቦ) አትርሱ፣ የተቀቀለ ጉበት በፐርኦክሳይድ፣ ጥሬ ጉበት በውሃ፣ ፐርኦክሳይድ ብቻውን። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ አረፋው ከምን እንደመጣ በምን ታውቃላችሁ?

*«የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ተማሪዎቼም ጉበት መንካት አይፈልጉም። ፕራክቲካሉን እስከ ፋሲካ ላቆየው?»*

አይቆይ መምህር፣ ልጆቹ ከሚረሱት። ካታሌዝ ድንች ውስጥም አለ፣ እርሾ ውስጥም አለ፣ እኔ ግን በቆልት ነው የምመርጠው። ጾም ስለሆነ ከየቤቱ አይጠፋም፣ ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። የበቀለውን ባቄላ ልጣጩን ልጠው ይደቁሱት፣ ያልበቀለውን ደረቅ ባቄላ በእኩል ክብደት ይደቁሱት፣ የተቀቀለም ይጨምሩ፣ ከዛ ፐርኦክሳይድ ከማፍሰስዎ በፊት የትኛው እንደሚበልጥ ልጆቹን ያስገምቱና ግምታቸውን በጽሑፍ ይያዙ። ፋርማሲ የሚሸጠው 3% ፐርኦክሳይድ ይበቃል። 30%ቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ልጆች እጅ አይግባ።

*«ውሃ አፍልተን ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ፣ ከዛ አልንቀሳቀስ አለ። ተበላሽቷል?»*

አልተበላሸም፣ ጎንደር ስለሆናችሁ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እሳት ብትጨምሩበትም ከዛ አይዘልም። መጽሐፉ 100 ስላለ 100 ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ያነበባችሁትን ጻፉ። ኢንዛይሙን ለማጥፋት ግን 93ም ከበቂ በላይ ነው።

*«ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ 'እማ ጠላሽ ውስጥ ኢንዛይም አለ' አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠምቅ እንዲህ የሚባል ነገር ከትቼ አላውቅም። ጌሾውን ነው የሚለው?»* (ከአራዳ፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ ይሄን ጥያቄ ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ልጅዎ ልክ ነው፣ ግን ጌሾው ሳይሆን ብቅሉ ነው። ገብሱን ዘፍዝፈው ሸፍነው ሲያበቅሉት ፍሬው ለቡቃያው ምግብ ሊያዘጋጅ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይሠራል፣ እሱ ስታርቹን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል፣ ብቅል ሲታኘክ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። እርስዎ ብቅሉን ፀሐይ ላይ አስጥተው ነው የሚያደርቁት፣ እንደ አሻሮው ቢቆሉት ኖሮ ኢንዛይሙ ያልቅለት ነበር። አሻሮው ተቆልቷልና ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ስታርቹን ነው የሚሰጠው፣ ያንን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይርለት ብቅሉ ነው፣ ከዛ እርሾው ስኳሩን ተቀብሎ አልኮልና ያንን የሚንተከተክ ጋዝ ያወጣል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፣ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎችም ይገታል። ትኩስ ነገር ጋኑ ውስጥ አይገባም፣ ይብረድ የሚሉት ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ዲናቹሬሽን (ኢንዛይም በሙቀት ቅርጹን አጥቶ ሥራ ማቆሙ) እያልን የምናስተምረው ነው፣ እርስዎ ከእናትዎ ተምረውታል።

ለልጅዎ ደግሞ ይቺን ይንገሩልኝ። ሕይወት ካለው ነገር ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያው ኢንዛይም የተገኘው ከብቅል ነው፣ በፈረንጆቹ 1833፣ ፓየንና ፐርሶ የሚባሉ ፈረንሳውያን ናቸው፣ ዲያስቴዝ አሉት። በ1897 ደግሞ ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጨምቆ፣ ሕይወት ያለው ሴል በሌለበት ጭማቂው ብቻውን ስኳር ሲያብላላ አየ፣ በ1907 ኖቤል ተሸለመበት። ልጁ መሞከር ከፈለገ ትንሽ የብቅል ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ያጥልለው፣ ግማሹን ያፍላው፣ ሁለቱንም ቀጠን ባለ የስታርች ውሃ ላይ ጨምሮ በየደቂቃው ጠብታ እየወሰደ አዮዲን ያንጠብጥበት፣ አዮዲን ስታርች ካገኘ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ያልፈላው ሰማያዊ ጥቁሩን እያጣ ይሄዳል፣ የፈላው እንደጠቆረ ይቀራል።

*«በምራቅና ስታርች ሞከርን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ብቻ።»*

ወይ ስታርቹ በዝቷል (1% ይበቃል)፣ ወይ ክፍሉ ቀዝቅዟል። የምራቅ አሚሌዝ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቸው፣ የናንተ ጠዋት ክፍል ደግሞ እጅ ያደነዝዛል። ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ ይዛችሁ ግቡ። ሁሉም የራሱን ምራቅ ይጠቀም፣ የራሱን ቱቦ ራሱ ይጠብ።

*«በድንችና በፐርኦክሳይድ የሠራነው ግራፍ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም አለ፣ አረፋው 20 ዲግሪ ላይ ከ30 በለጠ። ጓደኞቼ አስተካክለህ ጻፍ፣ ማርክ ይቆረጥብሃል አሉኝ። ምን ላድርግ?»*

አታስተካክል ወንድሜ። እኔም ተማሪ እያለሁ ቁጥር ቀይሬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ፣ ቱቦው ውስጥ የሆነውን ግን እስካሁን አላወቅኩትም፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። ይልቅ ምክንያቱን ፈልግ። የድንቹ ቁራጮች እኩል ነበሩ? ፐርኦክሳይዱንና ድንቹን ለየብቻ አሙቀህ ነው የቀላቀልከው ወይስ ቀላቅለህ ነው ሙቅ ውሃ ውስጥ የከተትከው? እንደሱ ከሆነ 30 ያልከው በደንብ ሳይሞቅ ነው የቆጠርከው። ሰዓቱንስ ከመቼ ጀመርክ? ጊዜ ካለህ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ድገመውና አማካዩን ውሰድ፣ ከሌለህ ያገኘኸውን እንዳለ አስቀምጥና «20 ላይ የወጣው ያልተጠበቀ ነው፣ ቁራጩ በልጦ ሊሆን ይችላል» ብለህ ጻፍ። የሥራ ባልደረቦቼን ደግሞ እለምናለሁ፣ እባካችሁ እንደዚህ የጻፈ ልጅ ላይ ማርክ አትቁረጡ፣ ሁሉም ግሩፕ አንድ ዓይነት ቆንጆ ግራፍ ካመጣ ነው መደንገጥ ያለባችሁ።

*«ፐርኦክሳይድ አጣን፣ በረኪና ይተካዋል?»*

አይተካም፣ በፍጹም። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ የሚጎዳ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ይብሳል። ጉበት ላይ አፍስሳችሁት አረፋ ቢያሳያችሁ እንኳ የካታሌዝ ሥራ አይደለም። አሲድ ስታቀጥኑም አሲዱን ወደ ውሃው ነው ቀስ እያላችሁ፣ ውሃውን አሲድ ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

*«የፋሲል ግንብ በኖራ ነው የተሠራው ሲባል ሰማን። ትንሽ ፍቀን አሲድ ብናንጠባጥብበት ጋዝ ያወጣል?»*

ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ መጨረሻ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ አሲድ ሲነካው ጋዝ ያወጣል። ግንቡን ግን በጥፍራችሁም እንዳትነኩት፣ በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ከዛም በላይ የራሳችን ነው። የእንቁላል ቅርፊትም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አጥባችሁ አድቅቁትና ጠርሙስ ውስጥ ኮምጣጤ ጨምሩበት፣ አፉ ላይ ፊኛ ግጠሙና ሰዓት ያዙ፣ ያልደቀቀ ቅርፊት ያለበት ሌላ ጠርሙስም ጎን ለጎን አስቀምጡ።