ሰገራ ሰለቸኝ ላልሽው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቀሽ ድሬዳዋ ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። ሰገራና ሽንት ሰልችቶሻል። እንደ ኖሮቫይረስ ያሉ የሆድ ቫይረሶች የሚመረመሩበት ላብ መግባት ትፈልጊያለሽ። የፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ ተህዋስያንን የሚለይ ምርመራ) ኮርስ አግኝተሻል፤ ዋጋው የሦስት ወር ደሞዝሽ ነው። ልክፈል ወይ?

(ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይወደድ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።)

ለጊዜው አትክፈዪ። የፒሲአር ማሽኑ ይለመዳል። የሚያስቸግረው ከማሽኑ በፊት ያለው ነው።

አሜባና ጃርዲያ ፈልገሽ አጥተሽ «ምንም አልታየም» ብለሽ በምትጽፊው ሰገራ ውስጥ ኖሮቫይረስ (ባጭሩ «ኖሮ») ሊኖር ይችላል። በክሊኒክ ማይክሮስኮፕ አይታይማ። ሮታቫይረስን፣ ሌላውን የሆድ ቫይረስ፣ በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ምርመራ) ወይም በፈጣን ኪት መያዝ ይቻላል። ኖሮን በደንብ የሚይዘው ግን አርቲ-ፒሲአር ነው። ዘረመሉ አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይባዛል። ችግሩ፣ ሰገራ ራሱ ይህን ሥራ የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉበት። አርኤንኤው በንጽሕና ካልወጣ ማሽኑ «የለም» ይላል፤ ቫይረሱ ግን አለ። ለዚህ ነው ኢንተርናል ኮንትሮል (ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ መቆጣጠሪያ) የሚጨመረው። ናሙናው ኔጌቲቭ ሆኖ ኮንትሮሉም ካልወጣ፣ «ኔጌቲቭ» ብለሽ አትፈርሚም።

አንድ ላብ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። የሰገራ ብልቃጥ መስኮት ሥር፣ ምሳ ሰዓት፣ በድሬ ግንቦት! ክዳኑ ላልቷል፣ የታካሚው ስም የተጻፈበት ቀለም ፈሷል። እሱን የትኛውም ማሽን አያድነውም።

ስለዚህ ከነገ ጀምረሽ ናሙና የተቀበልሽበትን ሰዓት ጻፊ። ወዲያው ካልተመረመረና ለቫይረስ የሚላክ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ መዝግቢ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ አልኮል ኖሮን እንደልብ አይገድልም፣ ለማሳመም ደግሞ ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል። ጠረጴዛውን በበረኪና። ቃለ መጠይቅ ላይ ያን መዝገብ ይዘሽ ብትቀርቢ፣ እኔ ብሆን ከሰርተፍኬት በፊት እሱን ነው የማየው።

ከዚያ ጂን ኤክስፐርት ያለበት የመንግሥት ሆስፒታል ማስታወቂያ ተከታተዪ። ለቲቢ የሚሠራበት ማሽን ቢሆንም ውስጡ ያው ፒሲአር ነው፤ ደሞዝ እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ። ማስተርስ ካሰብሽም ሩቅ አትሂጂ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐረር ነው ያለው፣ ሄደሽ ጠይቂ።

ኮርሱ አሁንም ከከነከነሽ ደውለሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ በራሴ እጅ ስንት ናሙና እሠራለሁ? «በፕሮጀክተር እናሳያችኋለን» ካሉሽ፣ ብሩን ለሐረር ትራንስፖርት አስቀምጪው።